ስቴም ሴል በሃርት አታክ የተጎዳን ልብ ይጠግናል?



ውድ አንባቢያን፣ የልብ ታማሚ ባለበት ቤት ውስጥ «ስቴም ሴል» የሚለው ቃል መሰማት ከጀመረ ቆይቷል። ያለ ቀዶ ሕክምና ልብ እናድሳለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ይዘዋወራሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቪዲዮ ይልካል፤ ልጆች ተሰብስበው ይመካከራሉ፤ አንዱ ቤት እንሽጥ ይላል፣ ሌላው ጀመዓው ሰደቃ ያሰባስብልን ይላል። ጉዳዩ ሕይወትን፣ ገንዘብንና ዲንን በአንድ ላይ የሚነካ በመሆኑ ረጋ ብለን ልናየው ወደናል።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። በስቴም ሴል ልብን የመጠገን ምርምር እውነተኛ ነው፤ በታላላቅ የምርምር ተቋማትም እየተሠራ ነው። ነገር ግን እስካሁን አብዛኛው ሥራ በሙከራ ደረጃ ላይ ያለ ነው። ዋና ዋናዎቹ የልብ ሕክምና መመሪያዎች ስቴም ሴልን ከሃርት አታክ በኋላ ለሚሰጥ መደበኛ ሕክምና አድርገው አልተቀበሉትም። ስለዚህ አንድ ክሊኒክ ገንዘብ ተቀብሎ ዛሬውኑ ልብዎን አድሳለሁ ካለ፣ ገና ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ እየሸጠ ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል ደረጃ በደረጃ እናስረዳለን።

ልብ ሲጠቃ ምን ይሆናል?

ልብ የጡጫ ያህል መጠን ያለው ጡንቻ ነው። በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ለመላው ሰውነት ደም የሚረጨው ይህ ጡንቻ ለራሱም ደም ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚያገኘው በላዩ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች በኩል ነው። በእነዚህ የደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ስብ ለዓመታት ሲከማች ይቆይና አንድ ቀን ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም መንገዱን ይዘጋዋል። ከተዘጋው ቦታ ወዲያ ያለው የልብ ክፍል ኦክስጅን ያጣል። ሃርት አታክ የሚባለው ይህ ነው።

የተዘጋው የደም ሥር ቶሎ ካልተከፈተ ጡንቻው መሞት ይጀምራል፤ ጉዳቱም በሰዓታት ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። ከባድ በሆነ ሃርት አታክ እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ሊሞቱ ይችላሉ። የሞተው ቦታ ከሳምንታት በኋላ በጠባሳ ይተካል። ጠባሳው ልብ እንዳይቀደድ ይይዘዋል፤ ነገር ግን አይኮማተርም፣ ደምም አይገፋም። የተረፈው ጤነኛ ጡንቻ የሞተውን ድርሻ ጭምር ተሸክሞ ይሠራል፤ እያደርም ይለጠጥና ይደክማል። ታማሚው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እግሩ ያብጣል፤ ሌሊት ጋደም ሲል ያፍነዋል። ሐኪሞች የልብ ድካም የሚሉት ይህንን ሁኔታ ነው።

ዛሬ በእጃችን ያሉት መድኃኒቶች የልብን ሸክም ያቀላሉ፣ ዕድሜ ያራዝማሉ፣ ሁለተኛ ጥቃትን ይከላከላሉ። ጠባሳውን ግን መልሰው ጡንቻ አያደርጉትም። ስቴም ሴል ላይ ይህን ያህል ተስፋ የተጣለው ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ነው።

ልብ ራሱን ለምን አይጠግንም?

ቆዳችን ሲቆረጥ ይሽራል። ደማችን በየጊዜው ይተካል። ጉበት ከፊሉ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ መልሶ ያድጋል። ልብ ግን እንደዚህ አይደለም።

ይህንን በትክክል ለማወቅ የተቻለው በሚገርም መንገድ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ኃያላን መንግሥታት ከመሬት በላይ የኒውክሌር ቦምብ ይሞክሩ ስለነበር በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የተባለ ንጥረ ነገር በጣም ጨምሮ ነበር። ሙከራው ሲከለከል ቀስ በቀስ ቀነሰ። ይህ ካርቦን በምግብ በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ አዲስ ሕዋስ ሲፈጠርም በውስጡ ይቀመጣል። በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች የልብ ሕዋሳት ውስጥ ያለውን የካርቦን መጠን ለክተው ሕዋሳቱ መቼ እንደተፈጠሩ አወቁ። በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ውጤት መሠረት በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት 1 ከመቶ ያህሉ የጡንቻ ሕዋስ ይታደሳል፤ በ75 ዓመት ዕድሜ ደግሞ ይህ መጠን ከግማሽ ከመቶ በታች ይወርዳል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ልብ ፈጽሞ አይታደስም ይባል የነበረው ትክክል አልነበረም። ሁለተኛ፣ እድሳቱ እጅግ ዝግተኛ በመሆኑ ሃርት አታክ በአንድ ቀን ያጠፋውን ሊተካ አይችልም። ዜብራፊሽ የተባለችው ትንሽ ዓሣ የልቧ አንድ አምስተኛ ቢቆረጥ እንኳ መልሳ ታበቅላለች። ገና የተወለደች የአይጥ ግልገልም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይህ ችሎታ አላት፤ ከዚያ በኋላ ታጣዋለች። ሳይንቲስቶቹ የሚፈልጉት በአዋቂ ሰው ልብ ውስጥ ይህንኑ ማስነሳት ወይም አዲስ ጡንቻ ከውጭ አምጥቶ መተካት ነው።

ስቴም ሴል ምንድን ነው?

በሰውነታችን ውስጥ ያለው አብዛኛው ሕዋስ ሥራው የተለየ ነው። የነርቭ ሕዋስ ነርቭ ነው፤ የጡንቻ ሕዋስም ጡንቻ ነው። ስቴም ሴል የሚባለው ግን ገና ሥራው ያልተወሰነ፣ ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ነው። እንደ ምንጩ በሦስት ከፍለን ልናየው እንችላለን።

የመጀመሪያው ከአዋቂ ሰው ወይም ከተወለደ ልጅ የሚገኘው ነው፤ በአጥንት መቅኔ፣ በስብ፣ በእትብት ደምና በእንግዴ ልጅ ውስጥ አለ። የመቅኔ ስቴም ሴል ደም የሚፈጥር ስለሆነ ለደም ካንሰርና ለመሳሰሉት ሕመሞች ለአሥርተ ዓመታት ሲያገለግል ቆይቷል። ይህ የተረጋገጠ ሕክምና ነው። አንዳንድ ክሊኒኮች «ስቴም ሴል እኮ በዓለም የታወቀ ሕክምና ነው» ሲሉ ይህንን እያስታወሱ ነው፤ ደም የሚተካው ሕዋስ ግን ልብን ይተካል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ከተዳቀለ ጥቂት ቀናት ብቻ ካለፈው ሽል የሚወሰደው ነው። ይህ ወደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል ሊለወጥ ይችላል። በ1998 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ሽል ተለይቶ ወጣ። ሽሉ ስለሚጠፋ ግን በሙስሊሙም በሌላውም ዓለም ብዙ ክርክር አስነስቷል።

ሦስተኛው የጃፓኑ ሳይንቲስት ሺንያ ያማናካ ያገኙት ነው። እኚህ ሰው በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው ሕዋስ ላይ ባደረጉት ሥራ፣ አራት ዘረ መሎችን በመጨመር ተራ የቆዳ ሕዋስን ወደ መጀመሪያው፣ ምንም ዓይነት ሕዋስ መሆን ወደሚችልበት ሁኔታ መለሱት። በ2012 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። ሽል ሳይነካ ከአንድ ሰው ቆዳ ወይም ደም ተነስቶ የሚመታ የልብ ጡንቻ በላቦራቶሪ ማብቀል የተቻለው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ተስፋና የጠፋው አማና

ታሪኩ እንዲህ ጀመረ። በ2001 በአሜሪካ የሚሠሩት ፒዬሮ አንቨርሳና ባልደረቦቻቸው የመቅኔ ሕዋስ በተጎዳ የአይጥ ልብ ውስጥ ሲወጋ አዲስ የልብ ጡንቻ ያበቅላል የሚል ጥናት «ኔቸር» በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ አወጡ። ዓለም ተደነቀ። ብዙ ሳይቆይ በሰዎች ላይ መሞከር ተጀመረ።

በ2004 ግን ሌሎች ሁለት የምርምር ቡድኖች ያንኑ ሙከራ ደግመው የመቅኔ ሕዋስ የልብ ጡንቻ እንደማይሆን በዚያው መጽሔት ላይ ጻፉ። የአንቨርሳ ቡድን በዚህ አልቆመም፤ ልብ የራሱ ስቴም ሴል አለው የሚል ሌላ ሐሳብ ይዞ ለዓመታት ቀጠለ። መጨረሻው አሳዛኝ ሆነ። በ2017 ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታልና ባለቤቱ ድርጅት የምርምር ገንዘብ በሐሰተኛ መረጃ ተገኝቷል በሚል ለአሜሪካ መንግሥት 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ2018 ደግሞ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትና ይኸው ሆስፒታል ከዚያ ላቦራቶሪ የወጡ 31 ጽሑፎች የተጭበረበረ መረጃ ስላለባቸው እንዲሰረዙ ጠየቁ። በዚህም ምክንያት በታማሚዎች ላይ ይካሄድ የነበረ አንድ ሙከራ ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ።

ይህንን የምናነሳው ሳይንስን ለማጣጣል አይደለም። ውሸቱን ያጋለጡት ራሳቸው ሳይንቲስቶች ናቸው። የምናነሳው ዕውቀት አማና መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። አንድ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጥር ሲያጭበረብር፣ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ታማሚ ደረቱን ለመርፌ ይሰጣል። ዛሬም ድረስ አንዳንድ ማስታወቂያዎች ልብ የራሱን ስቴም ሴል ይዟል የሚለውን የወደቀ ሐሳብ እንደ እውነት ይደግሙታል።

በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ምን አሳዩ?

በዚህ ዘርፍ በሐቅ የተሠሩ ሙከራዎችም ብዙ ናቸው። በጀርመን ሃኖቨር ሃርት አታክ የደረሰባቸው 60 ታማሚዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ከራሳቸው መቅኔ የተወሰደ ሕዋስ በደም ሥር በኩል ወደ ልባቸው ተሰጣቸው። ከ6 ወር በኋላ ልባቸው ደም የመግፋት አቅሙ ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ደስታ ነበር። ከ18 ወር በኋላ ሲለካ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ሕዋስ ያልተሰጣቸውም በመደበኛው ሕክምና ቀስ እያሉ ተሽሏቸው ነበር።

ቀጥሎ በአውሮፓ ባሚ የተባለ ትልቅ ሙከራ ታቀደ። ጥያቄው ቀላልና ወሳኝ ነበር፤ የመቅኔ ሕዋስ ሞትን ይቀንሳል ወይ? 3,000 ሰው ይሳተፋል ተብሎ ታስቦ 375 ብቻ ተገኘ። በ2020 የወጣው ውጤት እንዳሳየው በሁለት ዓመት ውስጥ ሕዋሱ ከተሰጣቸው 3.26 ከመቶ፣ ካልተሰጣቸው 3.82 ከመቶ ሞቱ። ይህ ልዩነት ትንሽ ነው፤ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ስለሆነም ሕክምናው ይሠራል ለማለት አያስችልም። በ2023 ውጤቱ የወጣው ሌላ ትልቅ ሙከራ ደግሞ 537 የልብ ድካም ታማሚዎችን ያካተተ ነበር። የተሰጣቸው ሕዋስ ዋናውን ግብ፣ ማለትም በልብ ድካም ተደጋግሞ ሆስፒታል መግባትን፣ አልቀነሰም። ሃርት አታክንና ስትሮክን በመቀነስ ረገድ የታዩ ምልክቶች ቢኖሩም ገና በሌላ ሙከራ መረጋገጥ አለባቸው።

ታዲያ አንዳንዱ ታማሚ ተሻለኝ የሚለው ለምንድን ነው? በ2020 በአሜሪካ ሲንሲናቲ የወጣ የአይጥ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ ሕይወት ያለውን ስቴም ሴል ብቻ ሳይሆን የሞተ ሕዋስም በልብ ውስጥ ወጉ። ሁለቱም ተመሳሳይ ትንሽ መሻሻል አመጡ። ምክንያቱ አዲስ ጡንቻ መብቀሉ አልነበረም፤ መርፌው የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት አነሳስቶ ጠባሳው በመጠኑ እንዲስተካከል ስላደረገ ነው። በተጨማሪ ማንኛውም የሃርት አታክ ታማሚ መድኃኒቱን በአግባቡ ሲወስድ፣ ሲጋራ ሲያቆምና ዕረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል። ለዚህም ነው ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው የምስክርነት ቪዲዮ ማስረጃ የማይሆነው።

አዲሱ መንገድ፦ ጡንቻውን አብቅሎ መስፋት

ከዚህ ሁሉ ውድቀት በኋላ ተመራማሪዎቹ አቅጣጫ ቀየሩ። የመቅኔ ሕዋስ ወግቶ ጡንቻ ይሆናል ብሎ ከመጠበቅ፣ በላቦራቶሪ እውነተኛ የልብ ጡንቻ አብቅሎ መስጠት የተሻለ ነው አሉ።

በፈረንሳይ ፕሮፌሰር ፊሊፕ ሜናሼ በ2014 ከሽል ስቴም ሴል የተዘጋጀ የልብ ሕዋስ የያዘ ቁራጭ በአንዲት ታማሚ ልብ ላይ አስቀመጡ። በጃፓን ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ዮሺኪ ሳዋ ቡድን በጥር 2020 በያማናካ ዘዴ ከተዘጋጁ ሕዋሳት የተሠራ ስስ የጡንቻ ሽፋን በታማሚ ልብ ላይ ለጠፈ።

እስካሁን ካየናቸው ሁሉ ግልጽ ማስረጃ ያቀረበው ግን ከጀርመን ጎቲንገን የወጣው ሥራ ነው። በጥር 2025 «ኔቸር» ላይ በታተመው ጥናት መጀመሪያ በዝንጀሮዎች፣ ቀጥሎ ከባድ የልብ ድካም ባለባት አንዲት ታማሚ ልብ ላይ ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕዋሳት ያሉት የጡንቻ ልጣፊ ተሰፋ። ታማሚዋ ከሦስት ወር በኋላ ሙሉ የልብ ንቅለ ተከላ ተደረገላት። የወጣው የቀድሞ ልቧ ሲመረመር የተለጠፈው ጡንቻ በሕይወት እንዳለና የደም ሥር እንዳበቀለ ታየ። ይህ በሰው ልብ ላይ አዲስ ጡንቻ ሊቆይ እንደሚችል አሳይቷል፤ ዕድሜ ያራዝማል ወይ የሚለውን ግን የሚመልሰው የብዙ ታማሚዎች ሙከራ ነው።

ችግሮቹም ቀላል አይደሉም። በ2014 በአሜሪካ 1 ቢሊዮን ያህል የልብ ሕዋስ በተወጋባቸው ዝንጀሮዎች ላይ የልብ ምት መዛባት ታይቷል፤ አዲሱ ጡንቻ ከነባሩ ጋር አንድ ላይ መምታት አለበትና። ሕዋሱ ከሌላ ሰው የተገኘ ከሆነ ሰውነት እንዳይቃወመው የመከላከያ አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በደንብ ያልተለወጠ ሕዋስ ከቀረ ዕጢ ሊፈጥር ይችላል። ይህ በመርፌ ወግተው በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚልኩበት ነገር አይደለም።

ሸሪዓ ምን ይላል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና እንድንፈልግ አዘውናል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ ፈውሱንም እንዳወረደ አስተምረውናል። ስለዚህ ምርምሩ በመሠረቱ የሚበረታታ ነው። ዑለማው ያነሱት ጥያቄ ሕዋሱ ከየት ይመጣል የሚል ነው።

በራቢጣ ሥር ያለው የመካው የፊቅህ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2003 ባደረገው 17ኛ ጉባኤ በዚህ ላይ ውሳኔ አስተላልፏል። ምንጩ የተፈቀደ እስከሆነ ድረስ ስቴም ሴልን ለሕክምናና ለምርምር ማግኘት፣ ማባዛትና መጠቀም ይፈቀዳል ብሏል። ከተፈቀዱት መካከል ፈቃዱን ከሰጠና ጉዳት ከማይደርስበት አዋቂ የሚወሰድ፣ ወላጆች ከፈቀዱ ከእትብትና ከእንግዴ ልጅ የሚገኝ፣ በራሱ ከወረደ ፅንስ የሚወሰድ ይገኙበታል። ያለ ሸሪዓዊ የሕክምና ምክንያት ሆን ተብሎ ከተቋረጠ ፅንስ መውሰድን፣ ለዚሁ ዓላማ ሲባል ከለጋሾች ዘር ሽል መፍጠርንና በክሎኒንግ ሽል ማዘጋጀትን ግን ከልክሏል።

ልዩነት ያለው ከማኅፀን ውጭ በሚደረግ የማዳቀል ሕክምና ላይ በሚተርፉ ሽሎች ነው። የመካው ምክር ቤት ባለቤቶቹ ከፈቀዱ ለዚህ ጥቅም መዋል ይችላሉ ብሏል። የጅዳው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ ደግሞ በ1990 ባሳለፈው ውሳኔ መጀመሪያውኑ ትርፍ እንዳይኖር፣ ከተረፈም ሕይወቱ በራሱ እስኪያበቃ እንዲተው ብሎ ነበር። የያማናካ ዘዴ ከቆዳና ከደም ስለሚነሳ ይህን ክርክር በአብዛኛው ያልፈዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለራሱ ውሳኔ የሚፈልግ ሰው የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። «ሐላል ነው» ማለትና «ይሠራል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከራስዎ ስብ ወይም መቅኔ የተወሰደ ሕዋስ በምንጩ በኩል ችግር ላይኖርበት ይችላል፤ ይህ ግን ልብ ይጠግናል ማለት አይደለም። ዑለማው የሚመልሱት የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን የሚመልሰው በትክክል የተሠራ የሕክምና ማስረጃ ነው። የፈትዋ ወረቀት ግድግዳ ላይ የሰቀለ ክሊኒክ ሁለተኛውን ጥያቄ አልመለሰም። በዲናችን ደግሞ ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ፣ ራስንም ሌላውንም መጉዳት ክልክል መሆኑ የታወቀ ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ ለልብ ሕመም የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም፤ ሕዝቡንም ካልተፈቀዱ ሕክምናዎች እንዲጠነቀቅ ደጋግሞ አሳስቧል። ጉዳቱ በወሬ ብቻ አይደለም። በ2017 በታተመ የሕክምና ዘገባ በፍሎሪዳ ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ በሁለቱም ዓይናቸው የተወጉ ሦስት ሴቶች የዓይን ብርሃናቸውን በከባድ ሁኔታ አጥተዋል። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ነበር። ሕዋሱ የራሳቸው መሆኑ አላዳናቸውም።

ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች ስታዩ ወደ ኋላ በሉ፦

- ሙከራ ነው እያሉ ክፍያ ሲጠይቁ። በሐቅ በሚሠራ ሙከራ ታማሚው ለሚሞከርበት ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አይከፍልም።
- አንዱ መርፌ ልብን፣ ስኳርን፣ ጉልበትንና ኦቲዝምን ያድናል ሲሉ።
- የታተመ ውጤት ሲጠየቁ የምስክርነት ቪዲዮ ሲያሳዩ።
- የልብ መድኃኒትዎን ያቁሙ ሲሉ። ይህ ብቻውን ጥሎ ለመሄድ ይበቃል።
- አደጋ የለውም ሲሉ፣ ወይም ዛሬ ካልከፈላችሁ ቦታው ያልፋል እያሉ ሲያጣድፉ።

ክሊኒኩን የሚከተሉትን ጠይቁ፦ ሕዋሱ ከየት ነው? ልብ ውስጥ የሚገባው በምን መንገድ ነው? የፈቀደላችሁ የመንግሥት አካል ማን ነው? ከእናንተ ታክመው ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ? ችግር ቢፈጠር የሚያየኝ የልብ ሐኪም ማን ነው? ከዚያ መልሱን ይዛችሁ ከክሊኒኩ ጥቅም ለሌለው የልብ ስፔሻሊስት አሳዩ።

ለሕክምና ገንዘብ የምታሰባስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ በእጃችሁ ያለው ሰደቃ አማና ነው። ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ የሰጠው ብር ለማይሠራ መርፌ እንዳይሄድ ከማሰባሰብ በፊት የሐኪም ማስረጃ ጠይቁ። ያ ገንዘብ ለስቴንት፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለዓመታት መድኃኒት ቢውል ሕይወት ያተርፋል። ቤተሰብም በጭንቀት ቤት ሸጦ፣ አልፎም በወለድ ተበድሮ፣ ከሞት ያመለጠውን አባት ለዕዳ እንዳያተርፈው።

ዛሬ ልብን የሚያድነው ምንድን ነው?

የሞተ ጡንቻን መመለስ ከባድ ከሆነ፣ ጡንቻው እንዳይሞት ማድረግ ይቀላል። ይህ ደግሞ በእጃችን ነው።

ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚያጨናንቅ ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ ሃርት አታክ ሊሆን ይችላል። በሴቶች፣ በስኳር ታማሚዎችና በአረጋውያን ላይ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣም ይችላል። በአገራችን ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ተነሳ»፣ «ብርድ መታኝ» እያለ ውድ ሰዓታትን ያባክናል። አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በአሜሪካ 911 ነው። የተዘጋው የደም ሥር በመድኃኒት ወይም በስቴንት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተከፈተ የሚተርፈው ጡንቻ፣ ማንም ላቦራቶሪ ዛሬ ሊያበቅል ከሚችለው ይበልጣል።

ሃርት አታክ ያለፈበት ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ አያቁም። አስፕሪን፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሱ ስታቲኖች፣ የልብ ምትና የደም ግፊት የሚያስተካክሉ መድኃኒቶች በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ ተሞክረው ሞት እንደሚቀንሱ የተረጋገጡ ናቸው። ዋጋቸውም ከስቴም ሴል ክሊኒክ ሒሳብ ጋር አይወዳደርም። ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪም ያማክር፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ስሑር ሊዛወር ይችል ይሆናል፣ ሐኪሙ አትጹም ካለም አላህ ለታማሚ የሰጠውን ፈቃድ መቀበል ነው። ሲጋራ ይተው። ጫትንም በሚመለከት በየመን የተደረጉ ጥናቶች ከሃርት አታክ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል፤ በተለይ ልቡ አንዴ የተጎዳ ሰው ሊርቀው ይገባል። ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ፤ በእግሩ ይሂድ፤ ጨውና ስብ ይቀንስ።

ተወኩል ሰበብን ይዞ በአላህ መመካት ነው። የልብ ምርምሩ ይቀጥላል፤ አንድ ቀን ጠባሳን ወደ ጡንቻ የሚመልስ ሕክምና በየሆስፒታሉ ይገኝ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ። ያ ቀን ሲመጣ ዜናውን የምንሰማው ከልብ ሐኪሞቻችን ነው። እስከዚያ ታማሚዎቻችን መድኃኒታቸውን ይዘው፣ ገንዘባቸውም ሳይባክን እንዲቆዩን እንርዳቸው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋን፣ ለጤነኞቻችንም ዓፊያን ይስጥልን። አሚን።